ንጹሕ የተባለው ውኃ፦ የኩላሊት ሕሙማን ሕፃናት አጥንት ታሪክ

ከግድብ የመጣ ድፍርስ ውኃ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ሲገባ በመጀመሪያ የሚጨመርበት አሉሚኒየም ሰልፌት፣ በተለምዶ አጠራሩ አልም፣ ነው። በውኃው ውስጥ ተንሳፎ የሚገኘው ደቃቅ አፈር በአልሙ አማካይነት እየተያያዘ ይከብዳል፤ ከብዶም ይዘቅጣል፤ ከላይ የቀረው ውኃ በአሸዋ ማጣሪያ አልፎና ክሎሪን ተጨምሮበት ወደ ከተማ ይላካል። ይህ አሠራር ለውኃ መሐንዲስ የዕለት ተግባሩ ነው። በአገራችንም ለዚሁ ተግባር የሚውል አልም በአዋሽ መልካሳ ፋብሪካ ተመርቷል። ከጣቢያው በሚወጣው ውኃ ውስጥ ጥቂት አሉሚኒየም ሟሙቶ ቢቀርም ለሚጠጣው ሰው ያን ያህል የሚያሰጋ አይደለም፤ ከሚዋጠው አሉሚኒየም ከመቶ አንዱ እጅ እንኳ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም አይገባምና። የገባውንም ቢሆን ጤነኛ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል።

ይህ አስተማማኝ የተባለ ስሌት ለአንዳንድ ሰዎች ፈጽሞ እንደማይሠራ የታወቀው ግን ዘግይቶ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከነዚህ ሰዎች መካከል አጥንታቸው ገና በማደግ ላይ የነበረ ሕፃናት ይገኙባቸዋል። ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ወደ ኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል መመለስ ያስፈልጋል።

በ1883 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በጋይስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ጠጋኝ ክሌመንት ሉካስ አንድ እንግዳ ነገር አስተውለው ጻፉ። ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የጨቅላ ሕፃናት በሽታ መሆኑ የታወቀ ነበር። ሉካስ ያዩአቸው ሕሙማን ግን ወደ ጉርምስና ዕድሜ የተጠጉ ልጆች ነበሩ። እግራቸው መጣመም የጀመረው ልጅነታቸው ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ በሽንታቸውም ውስጥ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ይገኝ ነበር። አልቡሚን በሽንት መታየቱ ኩላሊት ለመታመሙ ምልክት ነው። ኩላሊትና አጥንት፣ አንዱ ከሌላው ርቀው የሚገኙ ሁለት ብልቶች፣ በምን እንደተያያዙ ሉካስ ሊያስረዱ አልቻሉም፤ ሁለቱ በአንድነት መታየታቸውን መመዝገባቸው ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት ተመሳሳይ ሕፃናት በየሆስፒታሉ ታዩ። ቁመታቸው አጭር፣ ፊታቸው የገረጣ፣ ውኃ ጥማቸው የማይረካ፣ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ የገባ ልጆች ነበሩ። ሐኪሞች በሽታውን «የኩላሊት ሪኬትስ» ወይም «የኩላሊት ድንክነት» ይሉት ጀመር። በ1920ዎቹ ዓመታት ቫይታሚን ዲ ተገኝቶ በዓሣ ዘይትና በፀሐይ ብርሃን ተራው ሪኬትስ እየዳነ ሲሄድ ለነዚህም ልጆች ተስፋ የተገኘ መስሎ ነበር። ሆኖም የዓሣ ዘይቱን ቢጠጡ፣ ፀሐይ ቢሞቁ አጥንታቸው አልጠነከረም።

በአገራችን እናቶች ጨቅላን በማለዳ አውጥተው ፀሐይ የማሞቅ ልማድ አላቸው፤ ይህም ልማድ በሳይንስ የተደገፈ ነው፤ ቆዳ በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ቫይታሚን ዲን ይሠራልና። ነገር ግን ቆዳ የሚሠራው ገና ጥሬ ዕቃውን ነው። ዕቃው መጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎ በኩላሊት ካልተለወጠ በስተቀር ለአጥንት አይጠቅምም። የመጨረሻው ለውጥ በኩላሊት ውስጥ እንደሚፈጸም በካምብሪጅ የነበሩት ፍሬዘርና ኮዲቼክ ያስታወቁት በ1970 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዚህ ለውጥ ውጤት የሆነው ቅመም ምን እንደሆነ ደግሞ በ1971 ዓ.ም. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ዴሉካ ላቦራቶሪና በሌሎችም ተገለጸ። የታመመ ኩላሊት ያለው ልጅ ፀሐዩን ሞቆ፣ ዘይቱን ጠጥቶ የማይድንበት ምክንያት በዚህ ተፈታ። ጥሬ ዕቃው ሞልቷል፤ ፋብሪካው ግን ፈርሷል።

ከዚህ መልስ በፊት ግን በሌላ አቅጣጫ ወደ እውነቱ የተጠጉ ሰዎች ነበሩ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የነበሩት ፉለር አልብራይትና ጓደኞቻቸው በ1937 ዓ.ም. በኩላሊት ሕሙማን ላይ በአንገት ውስጥ የሚገኙት ፓራታይሮይድ የተባሉት ጥቃቅን ዕጢዎች ከመጠን በላይ እንደሚሠሩና አጥንትን እንደሚቦረቡሩ ገለጹ። በቻይናም በፔኪንግ ዩኒየን ሜዲካል ኮሌጅ ይሠሩ የነበሩት ሊዩና ቹ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። እነዚህ ሐኪሞች በሰሜን ቻይና በብዛት ይታይ የነበረውን የአጥንት መለስለስ በሽታ ለብዙ ጊዜ ሲያጠኑ ከቆዩ በኋላ፣ በተለመደው ቫይታሚን ዲ የማይድኑ ጥቂት ሕሙማን ኩላሊታቸው የታመመ መሆኑን አስተዋሉ። ለነዚህም «ኤ.ቲ. 10» የተባለውን የቫይታሚን ዲ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ሲሰጧቸው ለውጥ አገኙ። በሽታውንም በኩላሊት ምክንያት የሚመጣ የአጥንት መበላሸት የሚል ስም ሰጡት፤ ስሙም በሕክምና ዓለም ከስልሳ ዓመታት በላይ ሲሠራበት ኖረ። ጥናታቸው በ1942 እና በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ መጽሔቶች ታትሞ ሲወጣ ኮሌጁ በጃፓን ጦር ተይዞ ተዘግቶ ነበር። በር በተዘጋበት ላቦራቶሪ የተሠራ ሥራ የባሕር ማዶ አንባቢ ማግኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

በጠቅላላው ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ኩላሊት ሲደክም ከምግብ የሚገኘው ፎስፌት በደም ውስጥ ይከማቻል፤ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ይጎድላል፤ ካልሲየም ይቀንሳል። የፓራታይሮይድ ዕጢዎች የካልሲየም መጠን ጠባቂዎች በመሆናቸው መጠኑ በቀነሰ ቍጥር ይነሣሡና ካልሲየምን ከአጥንት ስበው ወደ ደም ያመጣሉ። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል የፋብሪካ መቈጣጠሪያ ለሚያውቅ መሐንዲስ ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም። ተቈጣጣሪው አልተበላሸም፤ እንዲጠብቅ የታዘዘውን መጠን ለመጠበቅ ሲል ግን የሕንፃውን ምሰሶ እየነቀለ ያነድዳል። በትልቅ ሰው ላይ ይህ ቍርጥማትና ስብራት ያስከትላል። በልጅ ላይ ግን አጥንት የሚያድግባቸው በየጫፉ የሚገኙት ለስላሳ ክፍሎች ይጐዳሉ፤ ቁመት ይቆማል፤ የጭን አጥንት ራስ ከቦታው ይንሸራተታል፤ እግር ይጣመማል። ያ ዕድሜ ካለፈ በኋላ ኩላሊት ቢለወጥለት እንኳ የቀረው ቁመት ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ይህ ሁሉ ለአብዛኞቹ ልጆች የመጨረሻው ጭንቀት አልነበረም፤ ኩላሊታቸው ጨርሶ ሲደክም ይሞቱ ነበርና። በ1943 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በካምፐን ከተማ ዶክተር ቪለም ኮልፍ የሠሩት የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ኩላሊት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚደክም ኩላሊት እንጂ ለዘለቄታው አያገለግልም ነበር፤ በየጊዜው አዲስ የደም ሥር መቍረጥ ያስፈልግ ስለነበር። በማርች 1960 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ከመሣሪያ ሠሪው ከዌይን ኵዊንተን ጋር በመተባበር በታማሚው ክንድ ላይ ለዘለቄታው የሚቀመጥ የቴፍሎን ቱቦ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ደምን ማጠብ፣ ታማሚውንም ለዓመታት ማቆየት ተቻለ።

ሆኖም መሣሪያው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነበር። በሲያትል ማን ይታከም፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስን ከልዩ ልዩ የሥራ መስክ የተውጣጣ የሰባት ሰዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ሐኪሞቹ አስቀድመው ሕፃናት እንዳይቀርቡ መክረው ነበር። ከምክንያቶቻቸውም አንዱ በዚህ ሕክምና የሚኖር ልጅ አካሉ አድጎ ለአቅመ አዳም መድረሱ ያጠራጥራል የሚል ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። አጥንት፣ ከሕመሞች ሁሉ ዝቅተኛው ይመስል የነበረው የአጥንት ነገር፣ ልጅን ከሕይወት መዝገብ ለመሰረዝ በምክንያትነት ቀረበ ማለት ነው።

በ1964 ዓ.ም. አንዲት በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የምትገኝ ልጅ በኮሚቴው ተቀባይነት አጣች። የልጅቱ አባት ወዳጅ የነበሩት አልበርት ባብ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ። ፕሮፌሰር ባብ ሐኪም አልነበሩም፤ የሚያውቁት የፈሳሾችን ፍሰት፣ የሙቀትን ልውውጥና የሬአክተርን ጥበቃ ነው። ከባልደረቦቻቸው ጋር በጥቂት ወራት ውስጥ በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል፣ ስሕተት ሲገጥመው በራሱ የሚቆምና የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሠሩ። ልጅቱም በቤቷ መታከም ጀመረች። የኋለኞቹ መሣሪያዎች ከዚህ ብዙ ወርሰዋል።

ከወረሷቸውም አንዱ የሚከተለው ነው። ቀደም ሲል ለአንድ ጊዜ እጥበት የሚያስፈልገው ፈሳሽ በትልቅ በርሜል ተበጥብጦ ይቀርብ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ግን የተመጠነ ወፍራም የጨው ፈሳሽ ከቧንቧ ውኃ ጋር እየቀላቀለ በተከታታይ ያዘጋጃል። የተለመደው መጠን አንድ እጅ ጨው ለ34 እጅ ውኃ ነበር፤ ይህም ማለት ደሙ ከሚታጠብበት ፈሳሽ ከመቶ 97ቱ እጅ የከተማ ውኃ ነው። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ፈሳሽ በስሱ ሽፋን ጀርባ ሲያልፍ በአምስት ሰዓት 150 ሊትር፣ በሳምንት በሦስት እጥበት 450 ሊትር ይሆናል። በቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ ሰው በሳምንት የሚያስገባው 14 ሊትር ሲሆን እርሱም በአንጀት በኩል ነው። እዚህ ግን ከሠላሳ እጥፍ በላይ የሆነ ውኃ ያለ አንጀት ግድግዳ፣ ያለ ኩላሊት ጥበቃ፣ ከደም ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። በመጠጥ ውኃ ደንብ መሠረት «ንጹሕ» የሚለው ቃል ይህን ሁኔታ ከቶ አላሰበውም።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ በቤታቸው ይታከሙ ከነበሩት ሕሙማን ብዙዎቹ አጥንታቸው ይሰበር ጀመር። ሲያስነጥሱ ወይም በአልጋ ላይ ሲገላበጡ የጎን አጥንት ይሰበራል። በሌሎች ከተሞች ግን፣ በዚያው አገር፣ በዚያው ዓይነት መሣሪያ ይህ ብዙም አይታይም ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ያለ ልክ አለመሥራታቸው፣ ቫይታሚን ዲም ሲሰጥ አጥንቱ አለመሻሉ ነበር። ፕሮፌሰር ዴቪድ ኬርና የሥራ ጓደኞቻቸው ምክንያቱን ይፈልጉ ገቡ።

በመጀመሪያ የተጠረጠሩት ሌሎች ነገሮች ነበሩ። በካናዳ በኦታዋ በ1971 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ፍሎራይድን ጠርጥሮ ነበር። ይህ ጥርጣሬ መሠረት የለሽ አልነበረም። በስምጥ ሸለቆ የሚሠሩ ያገራችን ባለሙያዎች እንደሚያውቁት፣ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ያደነድናል፣ አከርካሪን ያጐብጣል፤ በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ የኒውካስሉ አጥንት የደነደነ ሳይሆን ማዕድን ያጣ አጥንት ነበር።

ፍንጩ የመጣው ከአንጎል ነው። በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ዶክተር አለን አልፍሬይና ጓደኞቻቸው በ1972 ዓ.ም. ደማቸው ለረጅም ጊዜ ሲታጠብ የቆዩ ሕሙማን አንደበታቸው ተሳስሮ፣ ሰውነታቸው ተንቀጥቅጦ፣ አእምሯቸው ጠፍቶ እንደሚሞቱ ገልጸው ነበር። በ1976 ዓ.ም. የሟቾቹን አንጎል መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በዚህ በሽታ በሞቱት ሰዎች የአንጎል ግራጫ ክፍል ውስጥ በአንድ ኪሎ ደረቅ ክብደት 25 ሚሊግራም አሉሚኒየም ሲገኝ፣ በሌላ ምክንያት በሞቱ የኩላሊት ሕሙማን ላይ 6.5፣ ጤነኛ ኩላሊት በነበራቸው ላይ ደግሞ 2.2 ብቻ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ጥቂት መጠን በሚገባ ለመለካት የሚያስችለው መሣሪያም የተስፋፋው በዚያው ዘመን አካባቢ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ የማይለካ ነገር ሊጠረጠር ይችላል እንጂ ሊፈረድበት አይችልም።

የኒውካስል ሰዎች በበኩላቸው ሕሙማኑን ወደየቤታቸው በሚመጣው ውኃ አከፋፈሏቸው። አንዳንዶቹ ቤቶች የውኃ ማለስለሻ ብቻ ነበራቸው፤ ሌሎቹ ዲአዮናይዘር ነበራቸው። ማለስለሻ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን በሶዲየም ይለውጣል፤ አሉሚኒየምን ግን አሳልፎ ይሰዳል። ዲአዮናይዘር ከጨዎቹ ሁሉ ጋር አሉሚኒየሙንም ያስቀራል። በ1978 ዓ.ም. በላንሴት መጽሔት ያወጡት ውጤት በዲአዮናይዘር ውኃ የታጠቡት ሕሙማን ከአጥንቱ በሽታ በብዙው የተጠበቁ መሆናቸውን አስረዳ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በታላቋ ብሪታንያ በ18 የሕክምና ማዕከሎች ከ1,200 በላይ ሕሙማን ተጠንተው፣ በውኃው ውስጥ ያለው አሉሚኒየም በጨመረ መጠን የአጥንት ስብራቱም የሚጨምር መሆኑ ታወቀ። አሉሚኒየም በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አንድ ጊዜ በሽፋኑ ካለፈ አይመለስም። ከዚያም አጥንት ማዕድን በሚለብስበት ድንበር ላይ ይቀመጥና ሥራውን ያቋርጣል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የወጣው የእጥበት ውኃ ደንብ አሉሚኒየም በሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። በሪቨርስ ኦስሞሲስና በዲአዮናይዘር ይህን መጠን መጠበቅ ለባለሙያ የማይቻል ነገር አልነበረም። ስለ ውኃው የተነሣው ክርክር በዚህ አበቃ፤ የሕፃናቱ ጉዳይ ግን አላበቃም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በደም የሚከማቸውን ፎስፌት ለመቀነስ ለዓመታት ይሰጥ የነበረው መድኃኒት አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነበር፤ ለጨጓራ ቃር የሚወሰደው ነጭ ዱቄትና ፈሳሽ ማለት ነው። በአንጀት ውስጥ ከፎስፌት ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ ደም ውስጥ አይገባም ተብሎ ይታመን ነበር። ሕፃናት በኪሎ ክብደታቸው ሲታሰብ ብዙ ይሰጣቸው ነበር፤ ለአጥንታቸው በማሰብ። በ1984 ዓ.ም. በኢንዲያና የሚሠሩ ሐኪሞች ደማቸው በመሣሪያ ታጥቦ የማያውቅ፣ ይህን መድኃኒት ግን ሲወስዱ የቆዩ ሕፃናት በአሉሚኒየም ተመርዘው ማግኘታቸውን አስታወቁ። በሚቀጥለው ዓመትም የዱቄት ወተት ራሱ፣ ኩላሊታቸው ለማይሠራ አራሶች፣ የአሉሚኒየም ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ተጻፈ። እንግዲህ ለአጥንት ጥበቃ ተብሎ በማንኪያ የተሰጠው መድኃኒት አጥንትን አላላ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሐኪሙ የታመነውን ትምህርት፣ እናትየዋም የሐኪሙን ትእዛዝ ተከተሉ።

በአሉሚኒየሙ ፈንታ የካልሲየም ካርቦኔት መድኃኒት ገባ፤ እርሱም አጥንትን የሚመግብ ስለሆነ አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚገድል መሰለ። በ2000 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የተደረገ ጥናት ግን ይህን ደስታ ቀነሰው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ ሕክምና ከኖሩት ሕሙማን መካከል ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 30 ዓመት የሆኑት 16 ሰዎች ተመርምረው በ14ቱ የልብ ደም ሥሮች ላይ ካልሲየም ተጋግሮ ተገኘ። ከ20 ዓመት በታች በሆኑት 23 ላይ ግን አንድም አልተገኘም። ከዚህ ወዲህ ሐኪሞች አጥንትን ብቻ ሳይሆን የደም ሥሮችንም አብረው መመልከት ጀመሩ። ካልሲየምም አሉሚኒየምም የሌለባቸው ፎስፌት ማሰሪያዎች ተስፋፉ፤ ሊዩና ቹ ያወጡትን ስም የሚያሰፋ አዲስ ስምም በ2006 ዓ.ም. ወጣ። የሚሠራው ቫይታሚን ዲ በመጠን ይሰጣል። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮም በአሜሪካ ቁመታቸው ለቆመ የኩላሊት ሕሙማን ሕፃናት የእድገት ሆርሞን እንዲሰጥ ተፈቅዷል።

ለሕፃናት ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ምናልባት ሌላ መሐንዲስ ያሰበው ዘዴ ሳይሆን አይቀርም። በ1976 ዓ.ም. በቴክሳስ ሮበርት ፖፖቪች የተባሉ የኬሚካል መሐንዲስ ከዶክተር ጃክ ሞንክሪፍ ጋር ሆነው በሆድ ዕቃ ሽፋን አማካይነት ያለማቋረጥ ደምን የማጥራትን ዘዴ በስሌት ደረሱበት። ለትልቅ ሰው በቀን 8 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይበቃል፤ ለሕፃን ደግሞ በጣም ያነሰ። ፈሳሹ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በታሸገ ከረጢት ስለሚመጣ የከተማ ውኃ አይነካውም። መርፌ የማይወድ ልጅም በቤቱ ይታከማል። ይህ ዘዴ ግን ከረጢቱን በየጊዜው የሚያመጣ መንገድና የሚከፍል ሰው ይፈልጋል። በአገራችን የኩላሊት ማዛወር ሕክምና በ2015 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ የደም እጥበት ማዕከሎችም ተቋቁመዋል፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው የውኃ ማጣሪያ ክፍል ያስፈልጋቸዋል።

በ1996 ዓ.ም. በካሪብያን ባሕር በምትገኘው በኩራሳዎ ደሴት ወደ አንድ የደም እጥበት ማዕከል አዲስ የውኃ ቧንቧ ተዘረጋ። ብረቱ እንዳይዝግ ውስጡ በሲሚንቶ ተለስኗል። የደሴቲቱ ውኃ ከባሕር በማትነን የሚገኝ በመሆኑ ጨው የለበትም፤ ጨው የሌለበት ውኃ ደግሞ የነካውን ሁሉ የሚያሟሟ ነው። ከሲሚንቶው ካልሲየምና አሉሚኒየም እየሟሟ ወደ ማዕከሉ ገባ። በዚያ ይታከሙ ከነበሩት 27 ሕሙማን አሥሩ ሞቱ። የኒውካስል ጥናት ከወጣ 18 ዓመት ሆኖት ነበር።